ቤት ሆኖ መሥራት ማረፍ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ቤትሽ ተቀምጠሽ በዶላር» የሚለው ወሬ ስለበዛ ነው የምጽፈው። እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ ለካሊፎርኒያ ደንበኞች መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የእነሱ ቢሮ ሲከፈት እዚህ ምሽት 1 ሰዓት ነው። የምጨርሰው ሌሊት 9 ሰዓት። በክረምታቸው ሰዓት ሲያዞሩ ደግሞ 10 ይሆናል። ቀን «ቤት ነሽ አይደል?» እየተባልኩ እንግዳ ተቀባይም፣ ለቅሶ ደራሽም እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ድካም ነበር። ቀጥሎ ለሥራው ግድ አጣሁ። በኋላ የምሠራው ሁሉ የማይረባ መሰለኝ። ስንፍና ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ለካ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውት (በሥራ ጫና ዝሎ ማለቅ) የሚባለውን ሲገልጽ የጠቀሰው እነዚህኑ ሦስቱን ነው። በሽታ አይለውም፤ መላ ካላገኘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ይለዋል።

ስቴቫን ሆብፎል የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ሐሳብ ይበልጥ ገባኝ። ሰው በጫና የሚጎዳው ያለው ነገር ሲያልቅበትና የሚተካለት ሲያጣ ነው ይላል። ጉልበት፣ ተስፋ፣ የሰው ድጋፍ። እኔ ስንቅ ብዬዋለሁ።

ቢሮ ሳለሁ ስንቄን ማን እንደሚሞላልኝ አላውቅም ነበር። የረፋድ ቡና። ምሳ ዕቃ ከፍተን ስንጎራረስ። ፊቴን አይታ «ምነው ዛሬ?» የምትለኝ ባልደረባ። የታክሲ ሰልፉ እንኳ ሥራዬን ከቤቴ ይለይልኝ ነበር። አሁን ኮምፒውተሩን ስዘጋ አልጋዬ ሁለት እርምጃ ላይ ነው፤ ሐሳቡ ግን አብሮኝ ይተኛል።

አሠሪዎች የትንፋሽ ልምምድ የሚያስተምር አፕ ይልኩልናል። አልጠላሁትም። ግን ያጣሁትን እንቅልፍም ሆነ ሰው አይመልስልኝም። እኔን የረዳኝ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ቤት ተሰብስበን መሥራታችን ነው። ቡና እናፈላለን፣ አንዷ ስትከፋ ሌላዋ ታያለች።

ሁሉም ነገር ግን በጓደኛ አይፈታም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። እንደኔ በኮንትራክተር (ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ ውል የሚሠራ) ስም ለውጭ አገር የሚሠራ ሰው ይህን ማንን ይጠይቃል? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከስልክና ከኢሜይል የመራቅ መብቱን በሕግ አስገብታለች። እኛ ጋ ወሬው ሲነሳ አልሰማሁም። እናንተ ብታነሱት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ ትችላላችሁ። የርቀት ሥራ ማስታወቂያ ስታወጡ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ። «ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 9» የሚል አንብቤ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ከእናቴ ጋር ተመካክሬ ነበር የምፈርመው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ