ኩራት ያልነው ነገር እልህ ነበር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጥበብ ዓምዳችሁ ላይ «ብሬኪንግ ባድ» በተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ዋና ባለታሪክ ዙሪያ አንባቢዎች ሲያካሂዱት የሰነበቱትን ክርክር ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ተከታትያለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 በአምስት ምዕራፎችና በ62 ክፍሎች የታየ ድራማ፣ ካበቃ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖትም ሰውን እንዲህ ማነጋገሩ በራሱ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁለት ጎራ ይዞ እዚያው በዚያው መሽከርከር ከጀመረ ቆይቷል። አንደኛው ወገን፣ ካንሰር ከያዘው በኋላ ሜታምፌታሚን የተባለ አደንዛዥ ዕፅ ወደ ማምረት የገባው የኬሚስትሪ መምህር ዋልተር ኋይት ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ለቤተሰቡ ሲል ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ቤተሰብ የሚለው ቃል ከመነሻውም መሸፈኛ ነበር፣ ሰውየው ሲፈጠርም ክፉ ነው ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው የሚጠቀሙበት አንድ ቃል ግን የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ታሪኩን በሚገባ እንዳናይ የጋረደንም እሱ ነው ብዬ ስለማምን ይህንን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ቃሉ «ኩራት» የሚለው ነው። የሚደግፉትም የሚኮንኑትም የዋልተርን ነገር «ኩራቱ» እያሉ ይጠሩታል። በአማርኛ ግን ኩሩ ሰው ስንል እያመሰገንነው ነው፤ ቢቸግረው የማይለማመጥ፣ ቢርበው የሰው ዕቃ የማይነካ፣ ነውር ለመሥራት ክብሩ የማይፈቅድለት ሰው ማለታችን ነው። ዋልተርን ወደ ነውር የነዳው ግን ራሱ ይህ ስሜት ነው። ትዕቢት ብንለውም ልክ አይመጣም፤ ትዕቢተኛ የበላይነቱን ስለማይጠራጠር የማንንም ምስክርነት አይሻም፣ ዋልተር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምስክር ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ነው። ለእሱ የሚስማማው ቃል እልህ ነው። እልህ ከመናቅ ይወለዳል፤ ባለቤቱም በደፈናው ዓለምን ሳይሆን የናቁትን ሰዎች እያሰበ ያድራል፤ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚያርፍም እያወቀ ወደ ኋላ አይልም። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው እኮ በዚህ ምክንያት ነው።

እልሁ የት እንደተጠነሰሰ ድራማው በግልጽ ያሳየናል። ዋልተር በወጣትነቱ ከጓደኛው ከኤልየት ሽዋርትዝ ጋር ግሬይ ማተር የተባለ ኩባንያ መሥርቶ ነበር። ድርሻውን በ5 ሺህ ዶላር ሸጦ ወጣ፤ ኩባንያው ግን ውሎ አድሮ 2.16 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሆነ፤ ዋልተር ይወዳት የነበረችው ግሬችንም የኤልየት ሚስት ሆነች። በመጀመሪያው ክፍል ዋልተር ሃምሳ ዓመት በሚሞላው ዕለት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በስፖርት መሣሪያ ላይ ሲውተረተር እናየዋለን፤ ግድግዳው ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኖቤል ሽልማት ለበቃ ምርምር ላበረከተው አስተዋጽኦ የተሰጠው የምስክር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቶ በትርፍ ሰዓት በሚሠራበት ላቫጆ ውስጥ ተንበርክኮ የገዛ ተማሪውን መኪና ጎማ ያጥባል። ተማሪው ከሴት ጓደኛው ጋር ሆኖ ይሳለቅበታል።

እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ያንን ትዕይንት ዐይኔን ሳልሰብር አይቼው አላውቅም። ጠዋት ጠመኔ ይዘህ የቆምክበት ልጅ ከሰዓት በኋላ ከላይ ወደ ታች ሲያይህ የሚሰማው ስሜት በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ተረት ሆኖ አይታየኝም። ስለዚህ የዋልተርን ቁስል የሚያቃልሉ ደብዳቤዎች አሳዝነውኛል። በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የት እንደጠፋ ለመደበቅ ለሥነ አእምሮ ሐኪም ሲዋሽ እንኳ በውሸቱ መሐል እውነቱ ሾልኮ ይወጣል፦ ከሥራው በላይ የተማረ የኬሚስትሪ መምህር መሆኑን፣ መሥራት በሚችልበት ጊዜ በዓመት 43,700 ዶላር እንደሚያገኝ፣ ባልደረቦቹና ጓደኞቹ በሁሉም ነገር ጥለውት ሲሄዱ ቆሞ እንዳየ ይናገራል። ከዚህ ንግግር ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድም ነገር የለም።

ይህንን ካልኩ በኋላ ወደ ወሳኙ ነገር እመጣለሁ። «ምርጫ አልነበረውም፣ ካንሰርና ድህነት አስገደዱት» የሚሉት አንባቢዎች የመጀመሪያውን ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል ደግመው እንዲያዩት እለምናቸዋለሁ። ኤልየት ጥሩ ሥራ፣ ከሥራውም ጋር የጤና መድን ያቀርብለታል፤ ግሬችን ስልክ ደውላ የሕክምናውን ወጪ እንክፈልልህ ትለዋለች። ሁለቱንም እምቢ አለ። ከዚያም በቀጥታ የሄደው ወደ ቀድሞ ተማሪው ወደ ጄሲ ፒንክማን ቤት፣ ሜታምፌታሚን ወደ ማብሰሉ ሥራ ነው። ኩሩ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እምቢታው ላይ ባበቃ ነበር፤ ቤቱን ሸጦ ይታከማል፣ ወይም ሳይታከም በክብሩ ይሞታል። ዋልተር ግን ሚስቱን ሲዋሽ ሕክምናዬን የሚከፍሉት ኤልየትና ግሬችን ናቸው አላት። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የእነሱ ጥገኛ መስሎ በሚስቱ ፊት መታየቱን ችሎታል። ያልቻለው እነዚያ ሁለት ሰዎች ራሳቸው ሰጪ፣ እሱ ተቀባይ ሆኖ መገኘቱን ነው። ለዚህ ነው በሰው ሁሉ ላይ የተዘረጋ ኩራት ሳይሆን በስም የሚታወቁ ሰዎች ላይ ያነጣጠረ እልህ ነው የምለው።

በአንጻሩ ሲፈጠርም ክፉ ነበር የሚለው ወገን የቢጫዋን ሳሕን ነገር ረስቷል። ዋልተር በብስክሌት ቁልፍ አንገቱን ከምሰሶ ጋር ታስሮ ምድር ቤት የተቀመጠውን የዕፅ ነጋዴ መግደል አለበት ወይስ መልቀቅ የሚለውን በወረቀት ላይ ለሁለት ከፍሎ ይጽፋል። ላለመግደል በርካታ ምክንያት ያገኛል፤ በሌላው በኩል ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ከለቀቅኸው ቤተሰብህን በሙሉ ይገድላል። ያም ሆኖ ሳንዱች ሠርቶ ይወስድለታል፣ ቢራ እየጠጡ ይጫወታሉ፣ ሊለቀውም ይወስንና ቁልፉን ለማምጣት ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። ሳንዱች ሲያመጣ የተሰበረውን ቢጫ ሳሕን ከቆሻሻ መጣያው እያወጣ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ይገጣጥማል፤ ሲጨርስ መሐል ላይ እንደ ቢላ የሾለች አንዲት ክፍት ቦታ ትቀራለች። ያቺ ስባሪ ታች ያለው ሰው እጅ ውስጥ ናት። ዋልተር በዚያ ቅጽበት የሚሰማው ሐዘን የክፉ ሰው ሐዘን አይደለም፤ መግደል የማይፈልግ ሰው መግደል እንዳለበት ሲገባው የሚሰማው ነው። የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ዋና ገጸ ባሕርይውን ቀስ በቀስ ወደ ተቃራኒው መለወጥ እንደፈለገ በተደጋጋሚ ተናግሯል፤ ከጅምሩ ክፉ የሆነ ሰው ወደ ምን ይለወጣል?

ከዚህ በኋላ የቤተሰቡ ጥቅምና የእሱ እልህ የሚለያዩበት መንገድ በመጣ ቁጥር የቱን እንደመረጠ ማየት ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የልጆቹን ትምህርትና የቤቱን ዕዳ ጭምር አስልቶ 737,000 ዶላር ይበቃል ብሎ ነበር። ልክ ያለው፣ የአባት ስሌት ነው። ልጁ በድረ ገጽ የእርዳታ ጥሪ ባቀረበ ጊዜ ግን ነገሩን ለዓለም ሁሉ ልመና እንደ መውጣት ቆጠረው። ጠበቃው የዕፁን ገንዘብ ከማይታወቁ ለጋሾች የመጣ አስመስሎ በዚያው ድረ ገጽ በኩል ሲያስገባለት ቤተሰቡ ኮምፒውተሩን ከቦ ይደሰታል፤ ልጁ የማያውቃቸውን ሰዎች ያመሰግናል። የዋልተርን ፊት ያየ ሰው አይረሳውም። ገንዘቡ ደርሷል፣ ቤተሰቡ ድኗል፣ እሱ ግን ምስጋናው ሌላ ቤት ስለገባ አንገቱ ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ይህንን ትዕይንት እባካችሁ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በአራተኛው ምዕራፍ ያለው የእራት ግብዣ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። የሚስቱ እኅት ባል የሆነው የዕፅ ቁጥጥር መርማሪ ሃንክ፣ የሚፈልገው ሃይዘንበርግ (ዋልተር በዕፅ ንግዱ የሚጠራበት ስም ነው) የዋልተር የላቦራቶሪ ረዳት የነበረው ሟቹ ጌል እንደሆነ ወደ ማመን ተቃርቧል፤ ዋልተር ዝም ቢል ነጻ ነው። ሃንክ ግን ጌልን ሊቅ ነው ብሎ አደነቀው። ዋልተር ወይን ጠጥቶ ነበርና አልቻለም፤ የዚያ ሰው ማስታወሻ የሊቅ ሳይሆን የገልባጭ ሥራ እንደሚመስለው፣ እውነተኛው ሊቅ ምናልባት አሁንም በሕይወት እንዳለ ተናገረ። ሃንክ ምርመራውን እንደገና አነሣው። በዚያ ገበታ ዙሪያ ሚስቱም ልጁም ነበሩ። «ለቤተሰቡ» የሚሉት ወገኖች ይህንን አንድ ንግግር በምን እንደሚያስረዱልኝ እስካሁን አላየሁም።

በአምስተኛው ምዕራፍ 5 ሚሊዮን ዶላር ወስዶ የመውጣት ዕድል ሲቀርብለት እምቢ ማለቱንም ብዙዎች ስግብግብነት ብለውታል። ስግብግብ ቢሆን ቆጥሮ ያውቅ ነበር፤ ሚስቱ ስካይለር በመጋዘን ውስጥ እንደ ድርቆሽ ተከምሮ፣ ብል እንዳይበላው መድኃኒት የምትረጭበትን ገንዘብ ስንት እንደሆነ እሱም እሷም አያውቁም። እምቢ ያለበትን ምክንያት ለጄሲ ራሱ ነግሮታል፦ የ5 ሺህ ዶላሩን ሽያጭ፣ የግሬይ ማተርን የዛሬ ዋጋ በየሳምንቱ እንደሚመለከት፣ አሁን እየገነባ ያለው ግዛት እንደሆነ። ጄሲ የሜታምፌታሚን ግዛት ይህን ያህል የሚኮራበት ነገር ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ከተጻፈው ትችት ሁሉ የጄሲ ጥያቄ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ኩራት ምን እንደሚመስል በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ስለ ስካይለር በጥቂት ደብዳቤዎች ላይ የተሰነዘረው ስድብ እጅግ አሳፍሮኛል፤ አዲስ ነገርም አይደለም። ገጸ ባሕርይዋን የተጫወተችው አና ገን እ.ኤ.አ. በ2013 በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ስለ ደረሰባት ጥላቻ ለመጻፍ እስከ መገደድ ደርሳ ነበር። ስካይለር ያጠፋችው ጥፋት አለ፤ ግን የምትጠላው በጥፋቷ አይደለም። የምትጠላው ያንን የገንዘብ ክምር እያሳየች ስንት ሲሆን ይበቃሃል ብላ ስለጠየቀች፣ ለባሏ እልህ ምስክር ሆና ለማጨብጨብ እምቢ ስላለች ነው። እሷን የሚሰድቡ ተመልካቾች ሳያውቁት የዋልተርን እልህ የራሳቸው አድርገውታል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻው ክፍል ዋልተር ያደረገውን ለራሱ ሲል እንዳደረገው ለስካይለር ይናዘዛል፤ ሁለተኛው ወገን ይህንን ኑዛዜ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ እየጠቀሰ ክርክሩን ሊዘጋ ይሞክራል። ነገር ግን በዚያው ክፍል፣ ከኑዛዜው ቀደም ብሎ፣ ማንም ያላነሣው ሌላ ትዕይንት አለ። ዋልተር ሌሊት ወደ ኤልየትና ግሬችን ቤት ይገባል። የተረፈችውን 9.72 ሚሊዮን ዶላር ገበታቸው ላይ ያስከምራቸውና ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው በራሳቸው ስም፣ ከራሳቸው የመጣ ስጦታ አድርገው እንዲሰጡት ያዛቸዋል። ቀደም ሲል በኮምፒውተሩ አጠገብ አንገቱ ላይ የተሰነቀረበትን ነገር አሁን በገዛ እጁ አቀናበረው ማለት ነው፤ ልጁ ዕድሜ ልኩን የሚያመሰግነው አባቱ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠላቸውን ሁለት ሰዎች ይሆናል። እልኸኛ ሰው ይህንን አያደርግም፤ አባት ያደርገዋል። ዋልተር ግን ወዲያው አንድ ትእዛዝ ይጨምራል፦ ለግብርም ሆነ ለጠበቃ የሚወጣ ወጪ ቢኖር ከዚሁ ገንዘብ ይከፈል፤ ከራሳችሁ ኪስ አንዲት ሳንቲም እንዳታወጡ።

እስካሁን በዓምዳችሁ የተጻፉትን ደብዳቤዎች በሙሉ አንብቤ ይህቺን የሳንቲም ትእዛዝ ያነሣ አላገኘሁም። ክርክሩ የሚቀጥል ከሆነ ሁለቱም ወገኖች ከእሷ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ