ነጭ ጋዋን አልለበስኩም

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ድንገት ብቅ ስል ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። በዪ፣ ስደቢኝ። መጨረሻ ላይ «ታዲያ ነጭ ጋዋን የምትለብሺው መቼ ነው?» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። መልሱ ስላሳፈረኝ ነው የጠፋሁት። የተማርኩት ኅብረተሰብ ጤና ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። እናቴ እንኳ ገና አልገባትም። ጎረቤቶችም ደም ግፊት ለኪልን እያሉ ይጠሩኛል። መለካቱንስ እለካለሁ፤ ጭንቁ «እና ምን ልዋጥ?» ሲሉኝ ነው።

ታናሽ እህትሽ ይህንኑ ትምህርት ልትመርጥ ነው ሲሉ ሰማሁ። እና ማፈሬን ትቼ ልጻፍ አልኩ።

ከሒሳብ አመለጥኩ ብላ ከሆነ አላመለጠችም። እኔም እንደዚያ ብዬ ገብቼ ባዮስታቲስቲክስ የሚሉት የጤና ቁጥር ስሌት በሩ ላይ ጠበቀኝ። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። ከቁጥር ጋር ያስታረቀኝ አንድ እራት ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ኦስዊጎ በሚባል አካባቢ ሰዎች የቤተ ክርስቲያን እራት በልተው ታመሙ። ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ ማንን፣ የትና ለምን እንደሚይዝ የሚያጠና ትምህርት ነው) የሚማር ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሠርቶታል። ከተጠየቁት 75 ሰዎች 46ቱ ታመዋል። የምግቡ ዝርዝር ረጅም ነው። እኔ ዓይኔን ሳላሽ ሥጋው ላይ ፈረድኩ። ስናሰላው ግን ሥጋውን የበላም ያልበላም የታመመው በተቀራራቢ መጠን ነው። ቫኒላ አይስክሬም ከበሉት 54 ሰዎች ግን 43ቱ ታመዋል፤ ካልበሉት 21 ሰዎች የታመሙት 3 ብቻ። በእርሳስና በማካፈል ብቻ! ያን ቀን ነው ትምህርቱን የወደድኩት።

ሥራውን ደግሞ አላጋንንባትም። በመጀመሪያ ዲግሪ ኤፒዲሚዮሎጂስት ተብሎ መቀጠር ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይጠይቃሉ። ግን በሩ ብዙ ነው። የጤና ትምህርት አለ፣ ውኃና ንጽህና አለ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ደህንነት አለ፣ የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ አለ። ከእኔ ጋር ከተመረቁት አንዷ የጤና መድን ውስጥ ገብታለች፤ ከሁላችንም የተሻለ ደመወዝ የምታገኘው እሷ ናት፣ ትንሽ አቃጥሎኛል።

እኔ በሽታ ቅኝት ላይ ነኝ። ከጤና ተቋማት በየሳምንቱ ሪፖርት ይመጣል፤ ኩፍኝ ስንት፣ ኮሌራ ስንት እያለ። ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ እውላለሁ። አንዱ ሣጥን ባዶ ከሆነ ስልክ አነሳለሁ። ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉማ። ዜሮ ማለት ፈልገን አጣን ነው፤ ባዶ ግን ማንም አላየም ማለትም ሊሆን ይችላል። ባለፈው ስደውል አንዱ «ምንም ስለሌለ ነው ያልሞላሁት» አለኝ። «ምንም ከሌለ ዜሮ ጻፍ» አልኩት። «ለዜሮ ነው እንዴ የደወልሽው?» ብሎ ሳቀብኝ። ለዜሮ ነው፣ አዎ። (የእኔን ሦስት ዓመት ደግሞ ባዶ ብለሽ መዝግቢው፣ ዜሮ እንዳትዪው።)

በእጄ ሰው አክሜ ማዳን አለብኝ የምትል ከሆነ ግን ሌላ ትምረጥ። ከመመዝገቧ በፊት ታናግረኝ። ሰኞ ጠዋት ብቻ እንዳትደውል፤ ሰኞ ጠዋት ደዋይዋ እኔ ነኝ።

ናፋቂሽ