ይድረስ ለልጄ፦ ቃሉን ሳትሰሚ ንግግሩን ስለመለካት

ልጄ፣

የጥናትሽን ረቂቅ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው ሴንሰር ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር መለካትሽን ወድጄዋለሁ፤ ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ የሚናገረውና የሚያደርገው ሁልጊዜ አይገጥምምና። ያልተዋጠልኝ «ድምፁ በሙሉ ይቀዳል፤ ስም ይሰረዛል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው።

ስም መሰረዝ ማንንም አይሸሽግም። ተመራማሪዎቹ እነ ኢቭ አሌክሳንደር ደ ሞንትጆይ በ2013 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን ስም የለሽ የሞባይል መረጃ መርምረው፣ አንድ ሰው የትና መቼ እንደነበር የሚያሳዩ 4 ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ለይቶ ለማውጣት እንደሚበቁ አሳይተዋል። ሁሉም በሚተዋወቅበት አነስተኛ ቢሮማ ማን ከአለቃው እንደሚሸሽ ለማወቅ ስም ማን ይጠይቃል?

እኔ የማምነው ከመነሻው ባለመውሰድ ነው። ሶሲዮፓተርንስ የተባሉት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ባጅ ድምፅ አይቀዳም። ደረት ላይ ሆኖ በጣም ደካማ የሬዲዮ ምልክት ይልካል። ሰውነታችን፣ በውስጡ ባለው ውሃ ምክንያት፣ ያንን ምልክት ያግደዋል። ስለዚህ ሁለት ባጆች አንዱ የሌላውን ምልክት የሚቀበለው ባለቤቶቻቸው በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው፤ ጀርባውን የሰጠ አይመዘገብም። የሚቀረው በየ20 ሰከንዱ «ይህ ቁጥር ከዚያ ቁጥር ጋር ነበር» የሚል መረጃ ብቻ ነው። ርካሽና ደካማ መሣሪያ ከውዱ የሚሻልበት ጊዜ አለ ስልሽ ትስቂብኝ ነበር!

ድምፅ የግድ ካስፈለገሽ የተመራማሪዋን የእነ ታንዚም ቾውድሪን መንገድ ተመልከቺ። መሣሪያው ድምፁን እዚያው ወደ ጥቂት የቁጥር ልኬቶች ለውጦ ቅጂውን አያስቀምጥም። ማን መቼ እንደተናገረና ምን ያህል እንደቆየ ይታወቃል፤ ምን እንዳለ ግን ከልኬቶቹ መልሶ ማውጣት አይቻልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲያስ ሜል ደግሞ ቃሉን ራሱን ስለሚፈልግ፣ ቀኑን ሙሉ ሳይሆን በየመሀሉ አጫጭር ቅንጣቢ ይቀዳል፤ ተሳታፊውም ከተመራማሪው በፊት አዳምጦ ያልወደደውን ይሰርዛል። ለተሳታፊው ይህ ደግ ነው። በመንገድ አግኝቶት ችግሩን ያዋየው ወዳጁስ? እሱ ምንም አልፈረመም። ረቂቅሽ ስለእሱ አንድም ቃል አይልም።

አንድ ነገር ልጨምር። የጥናቱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ከሆነ፣ ሠራተኛው «እምቢ» ለማለት አቅም የለውም። የእያንዳንዱ ሰው ውጤት አለቃው እጅ እንዳይገባ ውሉ ላይ አስቀድመሽ አስፍሪ፤ በኋላ ቢጠይቁሽ ለመከልከል ይከብድሻል።

ባጁ ማጥፊያ ቁልፍ ይኑረው፤ ያጠፋውም ለምን አጠፋህ እንዳይባል። ያንን ዐረፍተ ነገር አስተካክለሽ ረቂቁን መልሰሽ ላኪልኝ።

አባትሽ