የዕለት እንጀራችንን

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እማዬስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ስልኬ ሲጠራ፣ ስምሽን እያየሁ ዝም ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። ተቀይሜሽ አይደለም። ሥራዬን አጣሁ። ይህን ላንቺ መናገር ጨነቀኝ። የጠየቀኝን ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እያልኩ ነው የከረምኩት።

አሁን ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ በፈረቃ ነው። የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ሲመጣም ግፊቱ እኛ ጋ አይደርስም። ታች ወርጄ ከሰው ቧንቧ መለመን ስላፈርኩ፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ለሚያመጣልኝ ልጅ ከታክሲ ብሬ ላይ እየቀነስኩ እከፍል ነበር።

አንድ ሌሊት በሬ ተንኳኳ። ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው አራት ፎቅ ወጥተው! «ልጄ፣ ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካንሽን ይዘሽ ውረጂ» አሉኝ። ከቧንቧቸው ሞላሁ። ስመለስ በሳህን ሽሮ ሰጡኝ። «አይ፣ አለኝ» ልል ከአፌ ደርሶ ነበር፤ የለኝም ነበር እኮ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወራት ሙሉ ስጸልይ የነበረው «ጌታዬ፣ የሰው ፊት አታሳየኝ» እያልኩ ነው። እሱ ደግሞ የላከልኝ የሰው ፊት ነው። በእግዚአብሔር እታመናለሁ እያልኩ፣ እጁን የሚዘረጋበትን በር ሁሉ ራሴ ዘግቼው ነበር። ያንቺንም ጭምር።

አባታችን ሆይን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንደግም «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» እንላለን አይደል? እንጀራዬን አይልም። እንጀራችንን ነው። የእኔ ድርሻ በእማማ ቤት በኩል ሊመጣ ይችላል፣ የሌላው ደግሞ በእኔ በኩል። ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ብዬው አላስተዋልኩትም።

ሌላም ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። ጀሪካን ደርድሮ ውሃ ማጠራቀም እምነት ማጣት ይሆን እያልኩ። ዘፀአት 16 ላይ እስራኤላውያን ከሰማይ የሚወርድላቸውን መና በየዕለቱ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር በሚባል መስፈሪያ ነበር የሚለቅሙት፤ ለነገ ብለው ያስቀሩት ተልቶ ሸተተ። በስድስተኛው ቀን ግን ሁለት ጎሞር እንዲለቅሙ እግዚአብሔር ራሱ አዘዛቸው፣ ያም አልሸተተም። ስለዚህ ጀሪካኑ ችግር የለውም። እኔን ሲበላኝ የነበረው ሌሊት ተነስቼ ደጋግሜ እየቆጠርኩ «ካለቀስ?» የምለው ነው። አሁንም አንዳንድ ሌሊት እቆጥራለሁ። ግን በፊት ብቻዬን ነበር የምቆጥረው፤ አሁን እየቆጠርኩ ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ። እንዲህ በይ ብሎ ያስተማረኝ የለም፣ እንዲያው ከአፌ ይወጣል።

ቋሚ ሥራ ገና አላገኘሁም። የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ቦታ ከሰማሽ ንገሪኝ። ለዚህ ወር ኪራይም ትንሽ ጎድሎኛል፣ ካለሽ አበድሪኝ፣ ከሌለሽም አትጨነቂ። ይህችን መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ቅዳሜ ብትመጪ ደስ ይለኛል። ቡና አፈላለሁ፣ እማማንም እጠራቸዋለሁ። ስለ አንቺ ነግሬያቸዋለሁ፣ መቼ ነው የምትመጣው እያሉ ይጠይቁኛል።

እህትሽ