አፕሳምፕለር ከመግዛት በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለቤት ስቴሪዮ የሚሸጡት ዳኮች፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይሩት ሣጥኖች፣ ካርቶናቸው ላይ «384»፣ «768 ኪሎኸርዝ» (በሰከንድ 768,000 የድምፅ ልኬት) ተጽፎባቸው ይመጣሉ። ገዢው ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ድምፁም የሚጠራ ይመስለዋል።

ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ስለሚመዘግብ እስከ 22,050 ኸርዝ (በሰከንድ ንዝረት) የሚደርስ ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20,000 ብዙም አያልፍም። የልኬቱን ቁጥር የሚያበዛው አፕሳምፕሊንግ በነዚህ የልኬት ነጥቦች መካከል በስሌት ሌላ ነጥብ ያስገባል እንጂ ያልተቀዳ ነገር አያመጣም። ጥቅሙ ከቅየራው በኋላ ያለውን ማጣሪያ ሥራ ማቅለሉ ነው። ይህን የፊሊፕስ የመጀመሪያዎቹ ሲዲ ማጫወቻዎችም በአራት እጥፍ፣ በ176.4 ኪሎኸርዝ ይሠሩት ነበር። ዛሬ የአብዛኛው ርካሽ ዳክ ችፕ በራሱ ይሠራዋል። ለብቻው አፕሳምፕለር መግዛት የተፈጨ ጤፍ ይዞ ወፍጮ ቤት እንደ መመለስ ነው።

እዚህ ወሎ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደመጠው ከካሴት የተገለበጠ የድሮ አምባሰልና ባቲ ነው። በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ፍላሽ ላይ ከተጫነ ከ16,000 ኸርዝ በላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጧል፤ ጭብጨባው ጥርት ማለቱ ቀርቶ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ይህን 768 ኪሎኸርዝም አይመልሰውም። ካሴቱ በእጅ ካለ የማጫወቻውን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል ጠርጎ፣ የሄዱን ብሎን ቀጭኑ ድምፅ እስኪጎላ በጥቂት በጥቂቱ አዙሮ፣ በ24 ቢት እንደገና መቅዳት ይሻላል። የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ የሚሰማው ያኔ ነው።

ሁለት ዳክ ሲወዳደር ፍርዱን የሚያበላሸው የድምፁ ልክ ነው። ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ «የጠራ» ይመስላል። ስለዚህ 400 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ ያጫውቱና ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው የስፒከሩን ገመድ ይለኩ (ርካሽ ቴስተር ከዚያ በላይ ባለ ድግግሞሽ ይሳሳታል)። አንዱ 2.00 ቮልት ካሳየ ሌላውም ከ1.98 እስከ 2.02 ባለው ውስጥ ይሁን። ከዚያ ሌላ ሰው ሳንቲም እየወረወረ ሳያሳይዎ ይቀያይር፤ ከ16 ሙከራ ቢያንስ 12ቱን ካልለዩ፣ ልዩነት ሰማሁ ማለት ያስቸግራል። በግምት ብቻ 12 እና ከዚያ በላይ የመምታት ዕድል 4 በመቶ ገደማ ነው።

አፕሳምፕሊንግ ሲበራ ከፍ ያለው ዘፈን ላይ ስንጥቅጥቅ የሚል ድምፅ ከመጣ ዕቃው ተበላሽቷል አይበሉ። በጣም ጮክ ተደርጎ የተቀዳ ዘፈን አዲሶቹ ነጥቦች ሲሰሉ ዲጂታሉ ሊይዘው ከሚችለው ጣሪያ ያልፋል፤ ከስሌቱ በፊት ድምፁን በዲጂታል 3 ዴሲቤል መቀነስ ብዙውን ጊዜ ያቆመዋል። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ወደ 48 ኪሎኸርዝ እየቀየረ የሚልክ ከሆነም ለሲዲ ዘፈን 44.1 ላይ ያስተካክሉት፤ አለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይሰላል።

ያለማቋረጥ «እምምም» የሚል ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ከዳኩ አይደለም፤ በኮምፒውተሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል በኤርዝ በኩል የሚዞር የ50 ኸርዝ መብራት ነው። የዩኤስቢውን ገመድ አውጥቶ በኦፕቲካል መተካት ይቆርጠዋል። የሶኬቱን ሦስተኛ (የኤርዝ) እግር መቁረጥም ድምፁን ሊያጠፋው ይችላል፤ ግን መብራት ወደ አምፕሊፋየሩ ቆርቆሮ ቢያልፍ የሚይዘው የነካው ሰው ነው።

ከድምፅ መሣሪያ ባለሙያ፣ ደሴ