የሠፈር ጽዳት ማኅበራትም የውል አጋር ናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የመንግሥትና የግል አጋርነት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ክፍያ መንገድና ስለ ኃይል ማመንጫ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1076 ግን አጋርነትን የሚተረጉመው የግሉ ወገን የመንግሥትን አገልግሎት ተረክቦ የሚሠራበት፣ ክፍያውንም ከመንግሥት፣ ከተጠቃሚው ወይም ከሁለቱም የሚያገኝበት፣ ከሥራው የሚመጣውን ሥጋት በጥቅሉ የሚሸከምበት የረጅም ጊዜ ውል ብሎ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታዩ በጅማ ከየቤቱ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት ከረጅሙ ውል በቀር ሌላውን ሁሉ ያሟላሉ፤ ሥጋቱንማ ከአቅማቸው በላይ ተሸክመውታል።

ክረምት ሲገባ በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ በየደጃፉ የሚቀመጠው የጫት ገረባ፣ የኮባ ቅጠልና የወጥ ቤት ትራፊ ውኃ ይጠጣና በበጋ አንድ ሰው ያነሣው የነበረውን ሁለት ሰው ይይዘዋል። የጋሪው ጎማም ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ቤቱ የሚከፍለው ሒሳብ ግን ያው ነው። ማኅበሩ ያን ሁሉ ገፍቶ ሲደርስ ገንዳው ሞልቶ ከጠበቀው ቆሻሻው አጠገቡ ይዘረገፋል፤ ዝናቡም ጠርጎ ወደ አዌቱ ወንዝ ያወርደዋል። ነዋሪው የሚወቅሰው ሁልጊዜ ጋሪ የሚገፉትን ነው፤ ገንዳውን በወቅቱ ማንሳት የሌላ ወገን ድርሻ መሆኑን የሚያስታውስ ብዙ የለም።

ድህነትን ይቀንሳል የተባለ ሥራ የሠራተኛውን ገቢ በዝናብና በሌላው ወገን መዘግየት ላይ ከጣለው ያው ድህነት በሌላ በር ይመለሳል። ስለዚህ ውሉ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት የሚጸና ቢሆን፣ ማኅበራቱም በእሱ ተማምነው ብድር ጠይቀው የተሻለ ጋሪ ሊገዙ ይችላሉ። ሆቴሎችና ትልልቅ ሱቆች በሚያወጡት ቆሻሻ መጠን ይክፈሉ፤ በአንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ግን ከዚያ ያነሰ ይክፈል፤ መክፈል ያልቻለውን ደግሞ አስተዳደሩ ለማኅበሩ ይተካለት። በነፃ ያገልግሉ ብሎ መፍረድ ድሃውን በድሃ ማስደጎም ነው።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ አባወራ መልሶ ለጥቅም የሚውለውን ቆሻሻ ለይቶ እንዲያስቀምጥ አዝዞ ነበር። ይህ ቢሠራበት ገረባውና ኮባው ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) ሆኖ ሊሸጥ ይችላል። ገዢው አስቀድሞ ካልተፈለገ ግን (ይህን ብዙ ዕቅድ ይዘነጋዋል) ሌላ ክምር ይሆናል፤ በዙሪያችን ካሉ የቡና አምራቾች ጋር ቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

በመጨረሻ የምጠይቀው ውሉ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ነው፤ ማኅበሩ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ገንዳውን ማን በየስንት ቀኑ እንደሚያነሣና ያላነሣው ወገን ምን እንደሚከፍል ተጽፎበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ ነዋሪ