ሞተሩ ሳይጠፋ ስለሚያርፍ አውሮፕላን

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

አነስተኛ የግል አውሮፕላን ተገዶ ማረፉን የሚገልጹ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቁት የአብራሪውን ብልሃት በማድነቅ ነው። ስንት ሊትር ይዞ እንደተነሣና ሲያርፍ ስንት እንደቀረው ግን እምብዛም አይጠየቅም፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው።

በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት በቀን በዓይን እይታ የሚበር አብራሪ መድረሻው ላይ ሲደርስ ቢያንስ የ30 ደቂቃ፣ በሌሊት ደግሞ የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ ነዳጅ ሊኖረው ይገባል። በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር የሚበርና 35 ሊትር የሚፈጅ አውሮፕላን 300 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 57 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ከገጠመው ግን ያው መንገድ ሁለት ሰዓት ይፈጅና 70 ሊትር ይጠይቃል፤ ነፋሱን ሳያሰላ የተነሣ ሰው ከመጠባበቂያው ከ22 ደቂቃ በላይ ሳያውቀው አለቀበት ማለት ነው። የነዳጅ መለኪያውን (ጌጁን) ብቻ ማመንም አይበቃም፤ ከመነሣት በፊት የታንኩን ክዳን ከፍቶ በዘንግ መለካት ያስፈልጋል።

በእኛ አገር አቀማመጥ ነገሩ ይከብዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከፍታ መለኪያው 3,100 ሜትር ቢያሳይም አብራሪው ከከተማዋ ጣሪያዎች በላይ ያለው 600 ሜትር ብቻ ነው። ሞተሩ የጠፋበት አነስተኛ አውሮፕላን ከሚወርደው ከፍታ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ወደ ፊት ስለሚንሳፈፍ፣ ከ5 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ ቦታ ማረፊያ ማግኘት አለበት፤ በጦሳ ተራራ ግርጌ ደግሞ ዓይን የሚያየው ቤት፣ ገደልና እርከን ነው። ነዳጅ የቀረው አብራሪ ግን ጉም ቢዘጋበት እንኳ ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ይመለሳል፤ ያም ካልሆነለት በቦርከና ወንዝ ዳር ማሳ መርጦ፣ ዝቅ ብሎ ቃኝቶ፣ ካልተመቸው እንደገና ተነሥቶ ሌላ ይፈልጋል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አብራሪ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ለጠላፊዎቹ ደጋግመው ቢነግሩም አልተሰሙም፤ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። የግል አብራሪን ግን በነዳጁ ላይ የሚያዝዘው ማንም የለም።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ የቀረውን ነዳጅ መጠን እንዲጠይቁ፣ ነዳጅ እያለው ቀድሞ ያረፈውንም አብራሪ «ፈርቶ አረፈ» ብለው እንዳይጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ